የተተኛበት አልጋ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለጉጠት፤

ሰላምታዬ መጀመሪያ የእማዬን ጉልበት ይሳም፤ ከተረፈ ላንተም ይድረስህ። ደብዳቤህ እጄ ከገባ ቆይቷል። ይቅርታ አድርግልኝ፤ የዘገየሁት ወረቀት አጥቼ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የማሰፍረው አጥቼ ነው።

ሳሉ ቀንሷል። "ከቀነሰ ለምን አልጠፋም" ብለህ እንደ ልማድህ አትሟገተኝ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከምድር በታች ስለሆነ እንፋሎቱ መውጫ የለውም፤ እኛም አብረነው እንውላለን። የመንፈሳዊ ማኅበራችን ዋና ግቢ አንሶላ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ጨርቅ በሙሉ ወደ እኛ ይወርዳል። ማጠቡ የማሽን ነው፤ መተኮሱ የእኛ የአገልጋዮቹ ነው። የጣቶቼ ጫፎች ሙቅና ቀዝቃዛ መለየት ከተዉ ሰንብተዋል። ይህቺን ለእማዬ አታንብብላት። ስለማይሰማኝ አያመኝም፤ እኔም ነገሩን እንደ ምሕረት ቆጥሬዋለሁ።

መኝታሽ እንዴት ነው ላልከኝ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነው የምንተኛው፤ የእኔ የላይኛው አልጋ ነው። ክረምቱን ጣሪያው ልክ በእኔ ላይ ሲያፈስ ለማደሪያ ኃላፊዋ ነገርኳት። እሷም መታጠቢያ ሳህን አምጥታ ፍራሼ ላይ አስቀመጠችልኝና ታግሠሽ እለፊው፣ ዋጋሽ በሰማይ ነው አለችኝ። ሳህኑን አቅፌ መተኛት ለመድኩ። እማዬ በልጅነቴ "ይህቺ ልጅ እንደ ጥያቄ ምልክት ተጠምዝዛ ነው የምትተኛው" ትል አልነበር? ለካ ለዚህ ስለማመድ ኖሯል።

ከሰሞኑ ሌላ ትንሽ ሥራ ተጨምሮልኛል። ዋናው ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ማሰናዳት ነው፤ የሚጻፍ ነገር የለውም።

ስለ ማኅበሩ መሪ፣ ስለ ታላቁ መምህር የጠየቅኸኝን በሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ። አሁን ደወል ተደውሏል።

እህትህ


ጥቅምት 29

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ሰላምታው ይበቃል፤ ወደ ክሱ ልግባ። ጥያቄዬን አሁንም ዘለልሽው። ጉጠት ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ አንዴ የያዝኩትን እንደማልለቅ እያወቅሽ ለምን ታደክሚኛለሽ?

የእማዬን ዓይን በሚመለከት እውነቱን ልንገርሽ። ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ፊት አትለይም። ሐኪሙ ከዚህ ወዲያ የሚደረግ ነገር የለም ብሏል። እሷ ግን "ዓይኔ ወደ እጄ ወርዷል" ትላለች፤ ትናንት አዲሱን ወንበሬን ዳስሳ አንደኛው እግር ሰነፍ ነው ብላኝ ለደንበኛ ሳላስረክብ አዳነችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያንቺን አልጋ አንሶላ መቀየሯን አልተወችም። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ መልሳ ታነጥፋለች። ሳሙናውን ጨረሽው ብላት "እንግዲያው ያንተን ልብስ ልተወዋ" ብላ አፌን አስያዘችኝ።

የእኔን ነገር ታውቂዋለሽ። ዕድሜዬን ሁሉ ለሰው ቁም ሣጥን ስሠራ ኖርኩ፤ ሰው ደግሞ ቁም ሣጥኑ በሞላ ቁጥር ሌላ ያዝዛል። ባለፈው ከእናንተ ግቢ የመጣው ሰባኪ እዚህ ጉባኤ ላይ ቆሞ "የእኛ መሪዎች አገልጋዮቻቸው የሚበሉትን ይበላሉ፣ አገልጋዮቻቸው የሚተኙበት ላይ ይተኛሉ" ሲል ሰውነቴን ወረረኝ። እትዬ፣ በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቤት ካለ እኔ ውጭ ቆሜ ምን እሠራለሁ? የእንጨት ሥራ ቤቴን ዘግቼ፣ መሣሪያዬን ይዤ እመጣለሁ። እማዬን አክስታችን ዘንድ አስቀምጣታለሁ።

ከአንቺ የምፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነው። ታላቁ መምህር እንዳንቺ ይኖራሉ ወይስ አይኖሩም?

ጉጠት


ኅዳር 17

ይድረስ ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለእማዬ የላክሁት ሻርፕ ደርሷት ይሆን? ጫፉ የተቃጠለው በእኔ ካውያ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

እማዬን አክስታችን ዘንድ አስቀምጣታለሁ ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለቱ አንድ ቤት ውለው ካመሹ የሚተርፈው ጣሪያው ብቻ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። ዓይን ያላት እናት ሆና ቢሆን አንድ ነገር ነው። አሁን ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ ያለውን መንገድ በእጇ ነው የምታውቀው፤ የሰው ቤት ግድግዳ እንደ አዲስ ልትማር ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብህ። በረከት ፍለጋ ከቤት ስትወጣ በረከቱን ደጅ ላይ ረግጠኸው እንዳታልፍ።

የምትለኝን አውቃለሁ። አንቺስ ትተሻት ሄደሽ የለም ወይ ትለኛለህ። እኔ ስሄድ ዓይኗ ያይ ነበር፤ አንተም ነበርክ።

ስለ ታላቁ መምህር ይኸው፦ ጤነኛ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ስስል ሰምተው ቆሙ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። እጃቸው ለስላሳ ነው። እንዴት እንደሚኖሩ ግን ከእኔ ይልቅ አስጎብኚው ያውቃል፤ እሱ ይጠየቅ።

አዲሱ ሥራ ከብዷት ይሆን ብለህ አታስብ፤ አልከበደኝም። አልጋ ማንጠፍ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 4

ይድረስ ለእትዬ፤

ግቢውን ልንጎበኝ እንመጣለን ብዬ ብጽፍልሽ፣ አትምጡ የሚለው መልስሽ ደርሶኛል። አጭር ብቻ ሳይሆን ምክንያትም ያልተጻፈበት ነው። አስጎብኚውን ጠይቅ ያልሽኝ አንቺ፣ ልጠይቀው ስል አትምጣ የምትይኝም አንቺ። አሁን ማንሽን ልስማ?

ጉባኤያችን አውቶቡስ ተከራይቶ ዋናውን ግቢ ሊጎበኝ ነው። ለእኔና ለእማዬ ቦታ ይዣለሁ። ምን ታያለሽ ብላት "ልጄን እነካለሁ" አለችኝ። ይህን ትከለክያታለሽ?

የቀረውን ስንገናኝ እንጫወታለን።

ጉጠት


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለእትዬ፤

በሰላም ገብተናል። በር ላይ እንደዚያ ተነካክተን ብቻ በመለያየታችን አዝኛለሁ፤ ሥራ ሰዓት ነው ከተባለ ምን ይደረጋል። ከስተሻል ልልሽ አፌን ከፍቼ ኃላፊሽ አጠገብሽ ስለቆመች "አምሮብሻል" ብዬ ዘጋሁት። እማዬ ጣቶችሽን ይዛ ለምን እንደቆየች አልገባኝም።

አንቺ ወደ ሥራሽ ከተመለስሽ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ እስካሁን ደረቴ ውስጥ አለ። አስጎብኚው በረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ወዳለ ክፍል ወሰደን። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። "ታላቁ መምህራችን የሚያርፉት እዚህ ነው" አለ። እትዬ፣ ጠባብ የእንጨት አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ፎጣ፣ ከሥሩ ሳሙናና ነጠላ ጫማ። ሌላ ምንም የለም። ሴቶቹ አለቀሱ።

እኔ ግን አናጺ ነኝ፤ በቀላሉ አላለቅስም። ገመዱ ላይ ተንጠልጥዬ አልጋውን በደንብ አየሁት። ለመታየት የተሠራ አልጋና የተተኛበት አልጋ ለእኔ ለየቅል ናቸው። ጠርዙ ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ በሚነካው ቦታ ላይ ለስልሷል። ርብራቡ መሀል ላይ ጎብጧል። ፎጣው እርጥብ ነበር፤ ሳሙናው ከተጠቀሙበት ገና መድረቁ ነው። ፍራሹ ላይ ደግሞ የሰው ጉድጓድ አለ፤ የዚያው ዕለት ጉድጓድ። እንጨት አይዋሽም። ከዚያ ወዲያ እኔም አለቀስኩ፤ ለማንም አትንገሪ።

አስጎብኚው እማዬ እንደማታይ ሲያውቅ ደግ ሆነና ገመዱን አነሳላት። ገብታ አልጋውን ዳሰሰች። ትራሱን ነካች፣ ፍራሹን ነካች፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ብርድ ልብሱን በእግር በኩል ወደ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ ትንሽ ሳለን ለእኛ እንደምታደርገው። ሰዎቹ በእናትነቷ ተነኩ። እሷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በረከቱ ከብዷት ይሆናል ብያለሁ።

ጥያቄዬን ተመልሶ አግኝቼዋለሁ። መላጊያውን ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ፤ የጥር ወር እንዳለቀ ቤቱን አስረክባለሁ። አክስታችንም እሺ ብላለች፤ የእሷን እሺታ ታውቂዋለሽ። የእማዬን እሺታ ብጠይቅ "እህትህን ጠይቃት" አለችኝ። ይኸው ጠየቅሁሽ፤ እንደ ወግ እንጂ ወስኛለሁ።

ጉጠት


ጥር 8

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን አለህ፣ እማዬስ? ይህን ደብዳቤ ብቻህን አንብበው። ካነበብክ በኋላ ለእማዬ ብታነብላትም ግድ የለኝም።

በዚያ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። የቆዩት አገልጋዮች እንደሚሉት ክፍሉ በመጀመሪያው ዘመን በእርግጥ የእሳቸው ነበር። ጠርዙን ያለሰለሱት፣ ርብራቡን ያጎበጡት እሳቸው ናቸው። እንጨቱ አልዋሸህም፤ የድሮ ወሬ ነው የነገረህ። ከዚያ ክፍሉ እስኪታደስ ለጊዜው ተብሎ ከዛፎቹ በስተጀርባ ወዳለው ቤት ተዛወሩ። ክፍሉ ታደሰ፤ እሳቸው አልተመለሱም። የዚያ ቤት አንሶላዎች ለብቻቸው በቅርጫት ይመጡልናል። በጣም ለስላሳ ስለሆኑ በእኛ ካውያ አይተኮሱም፤ ለእነሱ የተለየ ካውያ አለ። መጋረጃ ልሰቅል አንድ ጊዜ ገብቻለሁ። ምንጣፉ ላይ ስሄድ የገዛ እርምጃዬ አልተሰማኝም። ሌላ የምልህ የለኝም፤ ሰውየው ቤት አላቸው፣ ጥሩ ቤት ነው።

ጎብኚዎች ከቀትር በኋላ ነው የሚመጡት። የእኔ ሥራ ከዚያ በፊት ክፍሉን ሰው የሚኖርበት ማስመሰል ነው። ፎጣውን አረጥባለሁ፣ በሳሙናው እታጠባለሁ፣ ነጠላ ጫማውን ወደ ጎን አጋድማለሁ። አልጋው ግን አልሆነልኝም። አስጎብኚው መጥቶ አየና "ማንም ያልተኛበት አልጋ ያስታውቃል፤ የሱቅ አልጋ አስመሰልሽው" አለኝ። በእጄ ተጫንኩት፣ የእጅ መሰለ። የዱቄት ጆንያ ከወጥ ቤት አምጥቼ ባጋድምበት የዱቄት ጆንያ መሰለ። በመጨረሻ ራሴ ጋደም አልኩበት። ደረቅ ነበር። ጣሪያው አያፈስም፣ የሌላ ሰው ሳል የለም፣ የማቅፈውም ሳህን የለም። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነሳ አልጋው በትክክል የተተኛበት ሆኗል፤ አስጎብኚውም "አሁን ገና" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከቀትር በፊት እየሄድኩ እተኛለሁ። የምወቀስበት ነገር አይደለም፤ ሥራዬ ነው።

ለምን አልነገርሽኝም ትላለህ። ለአንተ ከነገርኩህ እኔም መስማቴ ነው። ወጣትነቴን እዚህ ነው የተኮስኩት። ልናደድ ሞክሬ ነበር፤ ንዴቱ ከየት እንደሚጀመር ጠፋብኝ። አላለቀስኩም። ጣቴ እንደሆነው ሁሉ ሌላውም ቦታ ሆኗል።

የጎበኛችሁ ዕለት አንተ ስታለቅስ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። የቆሸሸውን ፎጣ ልወስድ መጥቼ ድምፅህን ሰማሁና ተመለስኩ። ያን ጊዜም አልተሰማኝም፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ካውያ ይዤ ቆሜ ተሰማኝ።

ቤቱን አታስረክብ። መላጊያህን ከጎረቤትህ ተቀበል፤ አፍራለሁ ካልክ እህቴ አበደች በለው።

እህትህ


ጥር 19

ይድረስ ለእትዬ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ አሁን ጥያቄው ራሱ አሳፈረኝ። በቀደም የጻፍኩልሽን ደብዳቤ፣ ያንን በንዴት የተሞላውን፣ ከደረሰሽ ቅደጂው። የስድቡን ግማሽ ለእሳቸው ነበር ያሰብኩት፤ አድራሻቸውን ስላላወቅሁ አንቺ ላይ ወደቀ።

መላጊያዬን ተቀብያለሁ። ጎረቤቴ ምንም አልጠየቀኝም፤ ስለቱን ግን አበላሽቶታል።

ደብዳቤሽን ለእማዬ ሳነብላት በመሀል እንድታስቆመኝ፣ እንድትጮህ ጠብቄ ነበር። በተቀመጠችበት ሆና ሻርፕሽን እያጣጠፈች ሰማችኝ። ስጨርስ "አውቃለሁ" አለችኝ።

ከመቼ ጀምሮ አልኳት።

"ከነካሁት ጀምሮ" አለች። "ትራሱ ለሁለት ታጥፏል። ጉድጓዱ ወደ ግራ ነው፤ ጉልበቱ ጋ ደግሞ ሌላ አለ። ያቺን ልጅ ስንት ዘመን ያስተኛሁ እኔ ነኝ፤ አንተ እንጨትህን ታውቃለህ፣ እኔ ልጄን አላውቅም?"

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ ቤቱን ላስረክብ አልነበር ወይ ብዬ ጮህኩባት። በሕይወቴ እማዬ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ እንዲህ አለችኝ፦

"አንተ ደስ ብሎህ ነበር። ደግሞ እህትህ የምትናገረውን እኔ ብናገር የእኔ ወሬ ይሆናል እንጂ የእሷ እውነት አይሆንም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ተውኩት። እሷንም ቢሆን ቢያንስ ደረቅ አልጋ አግኝታለች ብዬ ነው ብርድ ልብሱን ያስገባሁላት።"

እራት ቀርቦ ነበር፤ እንደቀረበ ተነሳ።

እትዬ፣ ከእንግዲህ ስለ መሪዎቹ አልጠይቅሽም። ያ ጥያቄ ሞቷል፤ እንደሞተ ሰው አንዳንድ ቀን ትዝ ይለኛል፣ ሌላ ምንም አይሰማኝም። ሌላ ጥያቄ ግን አለኝ፤ እማዬ ናት ያስጻፈችኝ። ልመና አታድርገው ብላኛለች፣ ጥያቄ ነው። አልጋሽ እዚህ አለ። መቼ ነው የምትመጪው?

ጉጠት


የካቲት 3

ይድረስ ለወንድሜና ለእማዬ፤

ሰላምታዬን ራሴ ስለማመጣው እዚህ አልጻፍኩትም።

ልሄድ መሆኑን ለማደሪያ ኃላፊዋ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። "ክፍሉን ማን ሊያሰናዳ ነው?" ብቻ አለችኝ። ስለ ሳሌ፣ ስለኖርኩበት ዘመን፣ ስለምሄድበት ምንም አልጠየቀችኝም። እሷም እንደ እኔ የላይኛው አልጋ ላይ ነው የምትተኛው፤ አልፈርድባትም።

በእኔ ቦታ አንዲት አዲስ አገልጋይ ሰጡኝ፤ ከወጥ ቤት የመጣች፣ እግሯ ያበጠ ሴትዮ ናት። ፎጣውን አሳየኋት፣ ሳሙናውን አሳየኋት። አልጋውን በእጇ ስትጫን "በእጅ አይሆንም" አልኳት። ገባት። እያፈረች ጋደም አለች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ስለ ግቢው ሥርዓት አንድ ነገር ልነግራት ዞር ስል እንቅልፍ ወስዷታል። ብርድ ልብሱን በእግር በኩል አስገባሁላት፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ማልቀስ የነበረብኝ እዚያ ጋ ይመስለኛል።

ታላቁን መምህር አልተሰናበትኳቸውም። መኪናቸው ስታልፍ ቆሜ አሳለፍኳት።

ጉጠት፣ ደስ ይልሻል ወይ እንዳትለኝ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ገና አልመጣም። መንገድ ላይ ይደርስብኝ ይሆናል፣ ካልደረሰም ቤት እጠብቀዋለሁ። ስመጣ ጣቶቼን አትዩብኝ። እቤት እንደገባሁ አታናግሩኝ፤ ብዙ ሰዓት የምተኛ ይመስለኛል።

ከቅዳሜ ማግሥት እደርሳለሁ። ለእማዬ ይህችን አንብብላት፦ የዚህን ቅዳሜ አንሶላ አትቀይሪው። ባለፈው ቅዳሜ ያነጠፍሽው ይበቃኛል፤ ማንም አልተኛበትም።

እህትህ